ጋምቤላ ሄደ፣ ቡናውን ሸጠ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ

ቋንቋ ሁሉ የራሱ አመል አለው። አማርኛችን ሰውን አስቀምጦ፣ ቦታውን አስረድቶ፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ደርድሮ፣ በመጨረሻ ግሡን ጣል ያደርግና ይገላገላል። እስከዚያ ድረስ ሰሚ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሰውየው ይብላ ይበላ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ኦሮምኛም በዚህ በኩል ከአማርኛ አይሻልም። እንዲያውም እኛ የዚህ አገር ሰዎች መጠበቅ የለመድነው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከሰዋስዋችን ነው የሚል የግል እምነት አለኝ። እንግሊዝኛ ግን ትዕግሥት የለውም። ሰውየውን ከነድርጊቱ ወዲያው ፊታችሁ ያቆመዋል። ታዲያ ችኩል ነው ብላችሁ ስትንቁት ሥርዓት አምጡ ይላል። ሁለት ሦስት ነገር አከታትላችሁ ስትደረድሩ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልብስ ካላለበሳችሁለት ያኮርፋል። የመጀመሪያው ያለፈ ከሆነ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያለፈ ይሁን ባይ ነው።

ይህን ሕግ በወጉ ሳያውቀው ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ሞልቷል፤ ምንም አይጎድልበትም። እኔ ግን አንድ ሰው በዚህ ሕግ ተጎትቶ ሰው ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ ፀሐይ ሲወጣ ሳወራው እኔንም ያስቀኛል። የኢሉባቦር ክረምት ገብቶ፣ ጉሙ ከጫካው ወርዶ ደጃፍ ላይ ሲቆም ግን አልስቅም።

እኔ የያዮ ሰው ነኝ። ጣሊያን ወጥቶ፣ አገር ተረጋግቶ፣ መቱ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከዘመድ ቡና ለቀማ አምልጬ ገባሁ። ይህን የማወራችሁ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ስላችሁ ሕፃን እንዳይመስላችሁ፤ ያን ጊዜ ያ ክፍል ጢም ያበቀለ፣ አንዳንዱም ሚስት ያገባ ጎልማሳ የሚቀመጥበት ነበር። የምኖረው ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እትዬ ፈለቀች ቤት ነው። እትዬ ፈለቀች ማር ይነግዳሉ። ከጫካ የመጣውን ማር ተቀብለው፣ ሰፈፉን ለይተው ለጠጅ ቤቶች ያቀርባሉ። ዝምተኛ ሴት ነበሩ፤ ዝምታቸው ግን የሚከብድ ዓይነት አልነበረም።

ባለቤታቸው አቶ ገመዳ የሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ያን ጊዜ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ በጎሬ፣ በቡሬ አድርጎ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄዳል። አቶ ገመዳ እኔ መቱ ከመግባቴ ከብዙ ክረምት በፊት ሁለት በቅሎ ቡና ጭነው ወረዱ፤ በዚያው ቀሩ። ወባ ገደላቸው የሚል አለ። ወንዝ ዳር አዞ ወሰዳቸው የሚል አለ። መርከቡ ላይ ወጥተው ሱዳን ገብተው ሌላ ሚስት አግብተዋል የሚሉም ነበሩ፤ እነዚህ በብዛት ጠጅ ቤት ነው የሚገኙት። እርግጡን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሬሳ አልመጣም፣ መርዶ አልመጣም፣ ሰውየውም አልመጡም።

እትዬ ፈለቀችን እንቅልፍ የነሳቸው ታዲያ የባላቸው ወንድም ነበሩ። አቶ ቶለሳ ይባላሉ። «የወንድሜ ተዝካር ይውጣ፤ ነፍሱ ሜዳ ላይ ቀረች» ይላሉ፤ ሲሉም ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እንባው የውሸት አልነበረም። ነገር ግን ተዝካሩ የተበላለት ሰው በከተማውም በዳኛውም ዘንድ የሞተ ሰው ነው። የሞተ ሰው ርስት ደግሞ ይከፈላል፤ በሶር ወንዝ በኩል ያለው የቡና መሬትም፣ የመንገዱ ዳር ቤትም። እትዬ ፈለቀች ልጅ አልወለዱም፤ ሰው የላቸውም። ተዝካሩ ተበላ ማለት እሳቸው ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው ወጡ ማለት ነበር። ስለዚህ እንቢ አሉ። ሽማግሌም በየጊዜው እየመጣ ይመክራቸዋል፣ እሳቸውም በየጊዜው እንቢ ይላሉ።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው ልመለስ።

መምህራችን ሚስተር ቻኮ የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ከጃንጥላቸው ተለይተው አይታዩም፤ መቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም አያስገርምም። የዓረፍተ ነገሩን ሕግ ሲያስተምሩን ቃሉ አልገባን ሲል ይዘውን ገበያ ወጡና ከጫኞቹ ፊት አቆሙን። አንዱ ጫኝ በበቅሎዋ ግራና ቀኝ ስልቻ ሲያስተካክል አሳዩን። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ያጋድላል፣ ካጋደለ በቅሎዋ ትላጣለች፣ ከተላጠች ትቆማለች። ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም ጭነት እንዳያጋድል፣ አሉን። ከዚያ ለቤት ሥራ እያንዳንዳችን ስለምናውቀው ሰው ሦስት ድርጊት የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድናዘጋጅ አዘዙ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ፈረንጆች መጠቀም ተከለከለ። ደብተር ውድ ስለነበር የሚስተር ቻኮ ትምህርት በቃል ነው፤ ተነስቶ ጮክ ብሎ ማለት ነው።

እኔም በማግስቱ ተነስቼ ጮክ ብዬ አልኩ። «ሂ ዌንት ቱ ጋምቤላ፣ ሂ ሶልድ ሂዝ ኮፊ፣ ኤንድ ሂዝ ዋይፍ ኢዝ ዌይቲንግ።» ጋምቤላ ሄደ፣ ቡናውን ሸጠ፣ ሚስቱም እየጠበቀች ነው።

ሚስተር ቻኮ እጃቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረጉ። አጋደለ ማለታቸው ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ሠርቷቸው ሦስተኛውን ሌላ ሰው እየሠራው ነው፤ ሁለቱ አልቀው ሦስተኛው አላለቀም፤ ሰውየው ራሱ ይጨርሰው አሉኝ። ቆሜ አሰብኩ። አንድ ሰው ጋምቤላ ሄዶ ቡናውን ከሸጠ በኋላ ሊጨርሰው የሚችለው ነገር ሁለት ብቻ ሆነብኝ፤ ወይ ሞተ፣ ወይ ተመለሰ። በሴትዮዋ ጣሪያ ሥር እያደርኩ፣ እንጀራቸውን እየበላሁ፣ ሞተ የሚለውን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። «ኤንድ ሂ ኬም ሆም» አልኩ፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስተር ቻኮ ሁለት እጃቸውን እኩል ዘርግተው ፈገግ አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀብሎ በዜማ ደገመው።

ቤት ገብቼ ስለማመድ እትዬ ፈለቀች ሰፈፍ እየለዩ ሰሙኝ። ጋምቤላ የሚለውን ስም ለይተውታል። ምን ማለት ነው አሉኝ፤ ተረጎምኩላቸው። እጃቸው ማሩ ውስጥ ቆመ።

«ተመለሰ ያለው ማነው?»

«ሕጉ ነው እትዬ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዲያ ከሆኑ ሦስተኛው የግድ እንዲህ ይሆናል።»

«የማን ሕግ?»

«የእንግሊዝኛ።»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንግሊዝኛ ግን አንቱ አያውቅም እንዴ፣ ሄደ ሸጠ የሚለው አሉኝ። አያውቅም አልኳቸው። ይሁን፣ እንደገና በለው አሉ። አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዴ በእንግሊዝኛ አንዴ በአማርኛ እንድለው ያደርጉኝ ነበር። ቅር ቢለኝም አልቀረሁም። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ነው፤ ድምፄ ደግሞ የሚስተር ቻኮ ድምፅ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል።

ሽማግሌዎቹ በሰኔ ሲመጡ እትዬ ፈለቀች እንደ ወትሮው እንቢ አላሉም። እኔን ከጓዳ ጠሩኝና «በል ልጄ፣ የተማርከውን ንገራቸው» አሉኝ። በሁለቱም ቋንቋ አልኩት። «ይህ የመንግሥት ትምህርት ነው» አሉ እትዬ ፈለቀች፤ «ሁለቱን ያደረገ ሰው ሦስተኛውን ሳያደርግ አይቀርም ይላል።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሰፈሩ ቄስ መምሬ አየለ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትምህርት ቤት የተነገረን ነገር ሐሰት ነው ብሎ መፍረድ ለማን ይመቻል? በመጨረሻ እስከ መስቀል ይታገሥ ተባለ። አቶ ቶለሳ እኔን ያዩበት አስተያየት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ነሐሴ ነበር። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ጉም ወርዷል። ከደጃፉ እስከ አጥሩ ያለው አይታይም። እትዬ ፈለቀች ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ እኔ ውስጥ ሆኜ እንደ ልማዴ እጮሃለሁ። በአማርኛው ላይ ነበርኩ፤ ጨረስኩና ዝም ስል ከውጭ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ወደ ቤቴ ተመለስኩ» አለ ድምፁ።

ስወጣ አንድ ሰው ግቢው መካከል ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት በቅሎዎች። ፊቱ በቆላ ፀሐይ ተቃጥሎ የከሳ፣ ረዥም ሰው ነው። እትዬ ፈለቀች አልጮሁም፣ እልል አላሉም፣ አላለቀሱም። አዩት፣ አዩት፣ አዩትና «ቆየህ» አሉ። ከዚያ የእግር ውሃ ሊያመጡ ገቡ። በቅሎዎቹም ማንም ሳይነዳቸው በጉሙ ውስጥ ግቢውን ዞረው፣ ከጓሮው ያለውን ዓመታት ባዶ የኖረ በረት አግኝተው ገቡ። ይህን አይቻለሁ። ሌላውን ሁሉ ብትጠራጠሩ ይህን አትጠራጠሩኝ።

ከተማው ተሰበሰበ። ባጋ ነጋን ገልቴ፣ እንኳን በሰላም ገባህ እያለ የሚያቅፈው ብዙ ነው። በግ ታረደ፤ መጥቶ ያልበላ የለም። ምን አቆየህ ሲሉት ሰውየው ቀና ብሎ አንድ ነገር ብቻ ይመልሳል፦ ጋምቤላ ሄድኩ፣ ቡናዬን ሸጥኩ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በአማርኛ ለጠየቀው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ለጠየቀው በኦሮምኛ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዛነፍም። የኔው ዓረፍተ ነገር ነው። ሚስተር ቻኮ ያስተካከሉት፣ ጭነቱ ያላጋደለው። ሰኔ ላይ የሰሙት ሽማግሌዎች እንኳን ልብ አላሉትም፤ ይህን ያስተዋልነው እኔና እትዬ ፈለቀች ብቻ ነበርን፤ እሳቸው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሰው ያስተናግዳሉ። ከሰውየው ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

አቶ ገመዳ ናቸው? ይህን ከተማው ሲጠይቅ ሰንብቷል፤ ግን ከበላ በኋላ ነው የጠየቀው። ቁመቱ ይመስላል። ድምፁ አይመስልም፤ ወባ ደግሞ ድምፅ ይለውጣል። አቶ ቶለሳ ቀርበው ወንድሜ ከቀፎ ዛፍ ላይ ወድቆ ቀኝ ተረከዙ ላይ ጠባሳ ነበረው አሉ። ሰውየው ያለ አንድ ቃል ሁለቱንም እግሩን ዘረጋ። ጠባሳ አለ፤ ግራ ተረከዙ ላይ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ አዛውንት አቶ ቶለሳን «ፊት ለፊት ቆመህ እያየኸው ኖረህ ነው እንጂ ቀኝ የመሰለህ ግራው ነበር» አሏቸው፤ የበጉም ሥጋ ገና በሆዳቸው ነበርና ሁሉም ተስማማ። አቶ ቶለሳ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው የገዛ ተረከዛቸውን ሲያዩ አየሁ።

ሰውየው ይሠራል። ጣሪያውን ጠገነ፣ አጥሩን አጠረ፣ ቡናውን አረመ። አይስቅም። ስለ ድሮ ነገር ብታነሱበት ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይላታል። ጎረቤቱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ በኋላ መጠየቅ ተወ፤ ቀጥሎ በደጃፉ ማለፍ ተወ። ሴቶች ውሃ ሲወርዱ ዙሪያውን ይሄዱ ጀመር። እኔ አንድ ነገር አየሁና ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰውየው የሚተኛው በበረቱ ግድግዳ ሥር፣ በኮርቻው ለምድ ላይ ነበር። እትዬ ፈለቀች በጓዳ፣ እሱ በበረት። ባል ነው እንዳልል ይህ አለ፤ አይደለም እንዳልል የኔ ዓረፍተ ነገር አለ።

ሚስተር ቻኮ አዲስ ዓረፍተ ነገር አምጡ ሲሉ አፌ ተያዘ። በዚያ ሰው ላይ አንድ ሦስተኛ ነገር ብጨምርበትስ? «ይበላል፣ ይተኛል፣ እና...» ብዬ ብጀምር ማን ይጨርሰዋል? ከክፍል በኋላ ነገሩን አጫወትኳቸው። ሚስተር ቻኮ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሳቁ። ነገር ግን በማግስቱ ክፍል ሲገቡ ከእንግዲህ ዓረፍተ ነገር የሚሠራው ስለ እንስሳት ብቻ ነው አሉ። እኔ ስለ ዶሮ ሠራሁ።

መስቀል አለፈ። ተዝካሩ ቀርቷል፤ ባለተዝካሩ አጥር እያጠረ ተዝካር የለም። እትዬ ፈለቀች ዳኑ ብዬ ልቤ ማረፍ ሲጀምር ከጎሬ በኩል ነጋዴዎች መጡ። ከጋምቤላ የወጡ የታወቁ ሰዎች ናቸው። መቱ ገብተው በቀጥታ መምሬ አየለ ዘንድ ሄዱ። ባሮ ዳር የአቶ ገመዳን መቃብር አይተዋል፤ ያስቀበሩት ካህንም ከአንገታቸው የበጠሱትን ማተብና የእጃቸውን ቀለበት ልከዋል። ቀለበቱን አቶ ቶለሳ አዩትና ተቀመጡ። የወንድማቸው ነው።

እንግዲህ መርዶ በኛ አገር ወግ አለው። አንድ ሰው ብቻውን አይነግረውም፤ በቀትርም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል። መርዶ ይዞ ዝም ማለት ደግሞ ለማንም አይመችም። ግን ሟቹ ቤት ተቀምጦ ለማን ነው የሚረዳው? ቀኑን ሙሉ ተከራክረው መልስ አላገኙም። መልስ ሲታጣ የሚደረገውን አደረጉ፤ እንደ ወጉ ሊሄዱ ተስማሙ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እኔ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተነስቼ ሳልደርስ ሰውየው ከበረት ዞሮ መጥቶ ራሱ ከፈተላቸው። ጉም ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ግማሽ ግማሻቸው ይታያል። መምሬ አየለ መስቀላቸውን ይዘዋል።

«የቤቱ ባለቤት አለ?» አሉ። እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ ሌላ አጀማመር አያውቁም።

«ይግቡ አባቴ» አለ ሰውየው።

ገብተው ተቀመጡ። መምሬ አየለ ስለ ዓለም ከንቱነት የሚባለውን ሁሉ አሉ። ከዚያ ፊቱን ሳያዩ «አቶ ገመዳ ጋምቤላ ዐርፈዋል» አሉ። አቶ ገመዳ ተብሎ ከተማው ያቀፈው ሰው ፊታቸው ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው። እኔ ሰውየው ጭስ ሆኖ በጣሪያው ሲወጣ ለማየት ነበር የተዘጋጀሁት፤ እውነቴን ነው።

ሰውየው ተነሳ። ነጠላውን አዘቀዘቀ። ከዚያ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሌላ የምናውቀው ነገር ያልነበረው አፉ ተከፈተ።

«አብረን ጋምቤላ ሄድን» አለ። «አብረን ቡናችንን ሸጥን። እኔ ቀበርኩት።»

ከዚያ አለቀሰ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከወንድ አይቼ አላውቅም፤ ዓመታት ያደረ ለቅሶ ነው። አቶ ቶለሳ ተነስተው አቀፉት፤ ማንን እንዳቀፉ ያወቁት ካቀፉት በኋላ ይመስለኛል።

በኋላ በዕዝኑ ቀን ቀስ በቀስ የነገረን ይህ ነው። የሊሙ ሰው ነው። ከአቶ ገመዳ ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው ወዳጅ ሆኑ። አቶ ገመዳ በወባ ሲወድቁ አስታመማቸው፤ ሲያርፉ ቀበራቸው። በቅሎዎቹን ለቤቴ አድርስልኝ፣ መንገዱን እነሱ ያውቁታል ብለውት ነበር። እሱም ታመመ፤ ሲድን ለሕመሙ የተበደረውን ሲከፍል ከረመ፤ ዓመቱ ሄደ። በዚያ የገበያ ቀን በቅሎዎቹን ተከትሎ እትዬ ፈለቀች ደጃፍ ሲደርስ ብቻውን ነው፤ ሰዓቱም ቀትር ያለፈ ነው። መርዶ እንዲህ እንደማይነገር እሱም ያውቃል። ግን ሴትዮዋን ሲያይ አላስቻለውም። ስለ ራሱ ጀመረ፦ ጋምቤላ ሄድኩ፣ ቡናዬን ሸጥኩ። ቀጥሎ ገመዳ ግን እዚያው ቀረ ሊል አፉን ሲከፍት ከቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ «ወደ ቤቱ ተመለሰ» አለ።

«ምላሴ ተከተለው» አለ ሰውየው፤ ወደ እኔ እያየ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ፈልጌ እናገራለሁ ብሎ ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን መቱ በሙሉ በግቢው ቆሞ ባጋ ነጋን ገልቴ ይለዋል፤ በጉ ታርዷል። ከዚያ ወዲያ ምን ይበል? ከዚያች ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል ቢጨምር ውሸት ሊሆንበት፣ አንዲት ቃል ቢቀንስ መርዶ ሊሆንበት እንደ ግንብ ይዟት ተቀመጠ። ይህ ሁሉ በቂ ማብራሪያ ነው፤ እኔም በቀን እቀበለዋለሁ። አንድ የማልቀበለው አለ። ያን ቀን ጉሙ ውስጥ ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ መጨረሱን ነው።

እትዬ ፈለቀች መርዶው ሲነገር ከጓዳ የወጡት ጥቁር ለብሰው ነበር። የልብሱ ቀለም አሮጌ ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት የተነከረ አልነበረም።

ተዝካሩ ተደገሰ። መቱ እንዲያ ያለ ተዝካር አላየችም። በሬውን የጣለው፣ ሥጋውን የመተረው፣ እንግዳውን ያስቀመጠው የሊሙው ሰው ነው፤ ሰዉም ተዝካሩን እየበላ «አቶ ገመዳ፣ ጠላ ጨምርልን» ይለዋል። ምን ያድርግ? አንዴ አቶ ገመዳ ብሎ አቅፎታል፣ በጉንም በልቷል። ያቀፍነው ሌላ ሰው ነበር ማለት ከተማው በሙሉ ዕውር ነው ማለት ይሆናል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ከተማ አይልም። ስለዚህ መቱ ሁለቱንም ተቀበለች። አቶ ገመዳ ሞተዋል፤ አቶ ገመዳ ደግሞ አሉ።

አቶ ቶለሳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ የርስት ክስ አቀረቡ። ወንድሜ ሞቷል፣ ተዝካሩም ተበልቷል አሉ። ማን ደገሰው ተባሉ። ገመዳ አሉ፤ አምልጧቸው ነው። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና ቀጠሮ ሰጡ፤ በቀጠሮው ቀን ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። እንዲህ ሲሉ ከርመው ወደ ጎሬ ተዛወሩ፤ የተተኩትም ጉዳዩን አይተው እንዲሁ ቀጠሮ ሰጡ። አቶ ቶለሳም እያደር ክሱን ረስተው ከወንድማቸው ጋር፣ ማለቴ ከሰውየው ጋር፣ እሑድ እሑድ ይቀመጡ ነበር። ቤቱም መሬቱም ከእትዬ ፈለቀች እጅ አልወጣም። ሰውየውም ከበረቱ ወደ ቤት ገባ፤ መቼ እንደገባ አላውቅም፣ ማንም አልጠየቀም።

እኔ ትምህርቴን ቀጥዬ፣ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ብዙ ዓመት ቆይቼ በመንግሥት ሥራ ተመድቤ መቱ ስመለስ ሰውየው በጠና ታሞ ደረስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈ። እትዬ ፈለቀች አርጅተዋል፤ ሽበታቸው ከነጠላቸው አይለይም። ከተማው ወጥቶ ቀበረ። ዝናብ ነበር፤ ጉሙም እንደ ልማዱ ከመቃብሮቹ መካከል ቆሟል።

መምሬ አየለ ፍትሐቱን ጀመሩ። ከሟቹ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የክርስትና ስም ሳይጠራ ፍትሐት አይደረግም፤ የአቶ ገመዳ የክርስትና ስም ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በዚሁ ደብር በተዝካሩ ቀን ተጠርቶ ሄዷል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም። መምሬ አየለ ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ፤ ሕዝቡ መሬቱን አየ። ያን ሁሉ ዘመን አብሮት የበላ፣ አብሮት ያረሰ፣ ልጁን በእሱ እጅ ክርስትና ያስነሳ ከተማ፣ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረውም።

እትዬ ፈለቀች በዱላቸው እየተደገፉ ወጡና በመምሬ አየለ ጆሮ አንሾካሾኩ። መምሬ አየለ ስሙን ጠሩት። ገብረ ሕይወት።

ከዚያ እትዬ ፈለቀች ወደ እኛ ዞሩ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ከመጣበት ቀን ጀምሮ፣» አሉ፣ «ቤቴ ውስጥ አንድ ቀን በሌላ ሰው ስም ጠርቼው አላውቅም።»

አፈሩ ተመለሰ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ሰዉም ነጠላውን አዘቅዝቆ በዝናቡ ውስጥ ወደ ከተማ ወረደ፤ በመንገዱም ሁሉ አቶ ገመዳን ቀበርናቸው እየተባባለ ይሄድ ነበር።